ሴቶች ልጆቻችን ናይሮቢ ላይ፦ ከጅማ ወላጆች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከ15 ዓመት በታች የሴቶች እግር ኳስ ቡድናችን በጥር መጨረሻ ናይሮቢ አቅራቢያ ባለ አንድ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ዘጠኝ ቀን ቆይቶ ከተመለሰ ወዲህ ሳልጠየቅ የዋልኩበት ቀን የለም። ሄርማታ ገበያ ቲማቲም ስመርጥ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ይጠይቁኛል። አንዳንዱ ልጁን ለሚቀጥለው ጉዞ ሊያስመዘግብ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ሴት ልጅ ድንበር ተሻግራ ኳስ መጫወቷ ገና አልዋጥ ብሎት ነው። ሁለቱም መልስ ይገባቸዋልና የቡድኑ መሪ ሆኜ ያየሁትን እዚህ ጽፌዋለሁ።

ለምን ኬንያ? ከሄዱ አይቀር አውሮፓ አይሻልም ነበር?

ይህን የሚጠይቁኝ ሰዎች በየኦሎምፒኩ ቴሌቪዥን ፊት ቆመው «ኬንያዊቷ ደረሰችባት!» እያሉ ሲጮኹ ያደጉ ናቸው። እኔም አንዷ ነኝ። ይህን ያህል ዘመን ስንፎካከራቸው ኖረን ምሳቸውን ምን እንደሚበሉ ግን አናውቅም ነበር። ለእኔ ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

ሌላው ምክንያት ኳሱ ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ ናይሮቢ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ልጆቹ አየሩን ለመልመድ ብለው ቀን አላባከኑም፤ በደረሱ ማግስት ሮጡ። ከቦሌ ያለው በረራ ሁለት ሰዓት ያህል ነው፤ የሰዓት ልዩነትም የለም። ትምህርት ቤቱን ያገኘነው ከልጆቹ የአንዷ አባት አብሮት የተማረ ሰው እዚያ ስለሚያስተምር ነው። ድርጅት የለበትም፣ ደላላም የለበትም።

ጉዞው ለምን በጥር ሆነ?

የእኛ የግማሽ ዓመት ዕረፍት እዚያ ላይ ስለሚውል ነው። የኬንያ የትምህርት ዘመን የሚጀምረው በጃንዋሪ ስለሆነ እኛ ስናርፍ እነሱ ክፍል ውስጥ ናቸው። ሜዳ ብቻ ሳይሆን ትምህርት ቤት ማየት ከተፈለገ ይህ ያስፈልጋል። በክረምት ብንሄድ ኖሮ ነሐሴ ላይ ባዶ ግቢ ሊቀበለን ይችል ነበር። አንድ ሌላ ነገርም አለ፤ በጥር የብዙዎቹ ቤተሰብ ቡና ተለቅሞ ተሸጧል። በነሐሴ መዋጮ ብትጠይቁ የምታገኙት ምርቃት ነው።

ምን ምን ሰነድ ያስፈልጋል?

ለእያንዳንዷ ልጅ ፓስፖርት፣ ለፓስፖርቱ ደግሞ ከወሳኝ ኩነት የተሰጠ የልደት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ወላጅ አብሮ የማይሄድ ከሆነ አባትና እናት የፈረሙበት፣ በሰነድ ማረጋገጫ የጸደቀ የፈቃድ ደብዳቤ ያዙ፤ አንድ ዋናና ሁለት ቅጂ። ኬንያ በጃንዋሪ 2024 የቪዛን ሥርዓት በኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ ተክታለች፤ ከዚያ ወዲህም ደጋግማ አሻሽላዋለች። ስለዚህ የእኛን ልምድ አትከተሉ፤ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ኤምባሲውን ጠይቁ።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ከኢትዮጵያ ወደ ኬንያ የሚገባ መንገደኛ ሁሉ ይጠየቃል። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት። አንዴ የተወጋች ልጅ ግን ዕድሜ ልኳን አያስፈልጋትም።

የልደት ቀን ላይ እባካችሁ ተጠንቀቁ። እኛን ሁለት ሳምንት ያስለፋን እሱ ነው። ብዙ ወላጅ ዓመተ ምሕረቱ ላይ በደፈናው ስምንት ይደምራል። በመስከረም 2002 የተወለደች ልጅ በፈረንጆቹ 2009 ናት፤ ስምንት ከደመራችሁ ግን 2010 ትሆናለች። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ለተወለደች ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ለተወለደች ስምንት ነው የሚደመረው። በዕድሜ ገደብ በሚጫወት ቡድን ውስጥ አንድ ዓመት ማለት ገብቶ በመጫወትና ወንበር ላይ በመቀመጥ መካከል ያለው ልዩነት ነው። በዚያ ላይ የትምህርት ቤት ካርዷ ሌላ፣ ፓስፖርቷ ሌላ ከሆነ ዕድሜ የደበቃችሁ ትመስላላችሁ።

መንገዱ አላስቸገራቸውም?

አውሮፕላኑ አላስቸገራቸውም፤ ግቤ ነው ያስቸገራቸው። ከጅማ አዲስ አበባ ያለውን 350 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ነው የሄድነው። የግቤ ቁልቁለት መታጠፊያዎች ላይ ስድስት ልጆች አስመለሳቸው። አውሮፕላን ላይ አንዲትም አልታመመችም። ለሦስት ሳምንት ስለ በረራ ፍርሃት ያስተማርኩት ሁሉ ከንቱ ቀረ፤ ሎሚ ብይዝ ይሻል ነበር።

በሻንጣቸው ምን ይያዙ? ምን አይያዙ?

ፌስታል አይያዙ። ኬንያ የፕላስቲክ መገበያያ ከረጢትን ከኦገስት 2017 ጀምሮ ከልክላለች፤ ቅጣቱም ቀላል አይደለም። ይህን ለወላጆች በስብሰባም በጽሑፍም ተናግሬ ነበር። ቦሌ ደርሰን ሻንጣ ስንፈትሽ ግን የእናት ነገር ሆኖ ጭኮው በፌስታል፣ ዳቦ ቆሎው በፌስታል፣ ታኬታው በፌስታል፣ ፌስታሉም በሌላ ፌስታል ተጠቅልሎ አገኘነው። ወለሉ ላይ ተቀምጠን ሁሉንም አወጣን። ጭኮው በሁለት ማልያ ተጠቅልሎ ናይሮቢ ገባ። ማልያዎቹ እስከ ዛሬ ቅቤ ቅቤ ይሸታሉ። የጨርቅ ከረጢትና ክዳን ያለው ዕቃ ስጧቸው።

የኬንያ ሶኬት ሦስት አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው ነውና የእኛ ባለ ሁለት ክብ እግር መሰኪያ አይገባበትም፤ ለቡድኑ ሁለት ማስማሚያ ይበቃል። የንጽሕና መጠበቂያ በበቂ መጠን ያዙ፤ ልጆች እንግዳ አገር ላይ ለመጠየቅ ያፍራሉ። ሹራብም አይርሱ፤ ማታ ማታ ይቀዘቅዛል።

ምን በሉ? ስለ ሥጋውስ?

ኡጋሊ በየቀኑ አለ። የበቆሎ ዱቄት ገንፎ ነው፤ ግን ጠንካራ፣ መሐሉ ላይ ቅቤና በርበሬ የሌለው። ልጆቹ መጀመሪያ ቀን መሐሉን በጣታቸው ቀደው ቅቤውን ሲፈልጉ አየሁ። አብሮት የሚቀርበው ሱኩማ ዊኪ የሚሉት ጎመን ነው፤ በስዋሂሊ «ሳምንቱን ግፋ» እንደ ማለት ነው፤ ርካሽ ስለሆነ ደመወዝ እስኪደርስ የሚገፋበት። ጊቴሪ የሚባለውን ሲያዩ ግን ሁሉም በአንድ ድምፅ «ንፍሮ!» አሉ። በቆሎና ባቄላ የሚመስል ቦሎቄ አብሮ የተቀቀለበት ነው። ማንዳዚ ደግሞ ከቦምቦሊኖ ጋር የአንድ እናት ልጅ ነው።

የሥጋው ጉዳይ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ነበር። ቡድናችን እንደ ጅማ ነው፤ ሙስሊም አለ፣ ኦርቶዶክስ አለ፣ ጴንጤ አለ። እኛ ዘንድ ማን ባረከው፣ ማን አረደው የሚለው ቀላል ነገር አይደለም። እዚያ ግን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንድ ድስት ይበላል፤ ጥያቄው ራሱ አልገባቸውም። የወጥ ቤቷ ኃላፊ «በሬው እኮ አንድ ነው» አለችኝ። ከመሄዳችን በፊት ከወላጆች ጋር የተስማማነው ዘጠኙን ቀን ሥጋ እንዳይቀርብልን ነበር። ባቄላ፣ እንቁላል፣ ጎመን፣ ቻፓቲ በላን። ማንም አልተለየ፣ ማንም አልተነጠለ። ረቡዕና ዓርብ የምትጾመዋ ልጅም እንቁላሉን ለጎረቤቷ እያቀበለች ጾሟን ጾመች።

ጉርሻን ግን ሳላስጠነቅቃቸው ቀረሁ። አማካያችን ሁለተኛው ቀን ማታ አጠገቧ የተቀመጠችውን ኬንያዊት በኡጋሊ አጎረሰቻት። ልጅቷ አፏን ዘግታ ወደ ኋላ ሸሸች፤ እንደ ታመመች ቆጥረው ሊያበሏት የፈለጉ መስሏት ነበር። ዓርብ ላይ ያ ጠረጴዛ በሙሉ እየተጎራረሰ ነበር።

በምን ቋንቋ ተግባቡ?

ለመምህራኑ በእንግሊዝኛ። ለሌላው ባገኙት ሁሉ።

ልጆቹን መጀመሪያ የማረካቸው ሰዓቱ ነው። ስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛ ከንጋት ጀምሮ ነው፤ «ሳ ሞጃ» ማለት አንድ ሰዓት፣ የጠዋቱ አንድ ሰዓታችን ማለት ነው። በእንግሊዝኛ የታተመው መርሐ ግብር ግን ቁርስ 7 ሰዓት ይላል። ሁለት ልጆች ቁርስ ከምሳ በኋላ ነው ብለው ተኝተው ቀሩ። ቀስቅሳ ያመጣቻቸው የወጥ ቤቷ ሴት ናት፤ በስዋሂሊ ስትነግራቸው ወዲያው ገባቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰዓት የሚጠይቁት መምህር ሳይሆን ዘበኛውን ሆነ።

የሚመሳሰሉ ቃላትን በደብተር ጀርባ መልቀም ጀመሩ። ባንዲራ «ቤንዴራ» ነው። በኦሮምኛ ኪታባ የምንለው መጽሐፍ «ኪታቡ» ነው። ግን መመሳሰልም ያሳስታል። ወደ ከተማ የምንወጣ ቀን «ጋሪ እየመጣ ነው» ተባልን። ትንሿ የክንፍ ተጫዋቻችን በሩ ላይ ቆማ ፈረሱን ጠበቀች፤ የመጣው ሚኒባስ ነው። ስዋሂሊው ጋሪ መኪና ነው።

አሁን የምነግራችሁን እኔ ራሴ እስካሁን እየደጋገምኩ አወራዋለሁ። የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ ግብ ጠባቂያችን ተከላካዮቿን የምታዘው በኦሮምኛ ነበር። ከአሠልጣኙ ጋር የተስማሙበት ብልሃት ነው፤ አማርኛም ኦሮምኛም ማን ያውቅብናል ብለው። «ሚርጋ!» ትላለች፣ ተከላካዮቻችን ወደ ቀኝ ይሄዳሉ። «ቢታ!» ትላለች፣ ወደ ግራ ይሄዳሉ። ችግሩ፣ ከተጋጣሚዎቻችን ቁጥር አምስት የለበሰችውም አብራቸው ትሄዳለች። ግብ ጠባቂያችን ተናድዳ ድምፅዋን ስትቀንስ ልጅቷ ሳቀችና ከሜዳው መሐል በኦሮምኛ መለሰችላት።

ከማርሳቢት የመጣች ቦረና ናት። ቦረናዎች ከሞያሌ ወዲህም ወዲያም አሉ፤ ድንበሩ በመሐላቸው ነው የሚያልፈው። አነጋገሯ ከጅማው ይለያል፤ አንዳንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ማለት ነበረባቸው፤ ግን ቋንቋው አንድ ነው። እዚያ ትምህርት ቤት በቋንቋዋ የምታወራው ሰው አልነበራትም። ከጨዋታው በኋላ የውኃ ቦቴው አጠገብ ከግብ ጠባቂያችን ጋር ቆመው ሲያወሩ የእራት ደወል ተደወለ፤ አልሰሙትም። ሄጄ ልጠራቸው ብዬ ተመለስኩ። ስለ ላም ነበር የሚያወሩት።

ስልክ ተከለከሉ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። የኬንያ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተማሪ ስልክ እንዲይዝ አይፈቅዱም፤ እንግዳ ነን ብለን ልዩ መብት መጠየቅ አልፈለግንም። ሃያ አንድ ስልክ በአንድ የጨርቅ ከረጢት ሰብስቤ ያዝኩ። ማታ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ተኩል ለቤተሰብ እንዲደውሉ ይሰጣቸው ነበር። የመጀመሪያው ቀን ኩርፊያውን አትጠይቁኝ። በሦስተኛው ቀን ግን አራት ልጆች ስልካቸውን ሊወስዱ አልመጡም፤ እናቶቻቸው እኔ ላይ ደወሉ። ይቅርታ አልጠይቅም፤ በሚቀጥለውም ጉዞ እንዲሁ ነው።

ሒጃብ የሚለብሱት ልጆችስ? ፀጉራቸውስ?

በሒጃቡ ምንም ችግር አልገጠመንም። ፊፋም ተጫዋቾች ራሳቸውን ሸፍነው እንዲጫወቱ ከ2014 ጀምሮ ፈቅዷል፤ ልጆቹ ለስፖርት የሚሆነውን፣ መርፌ የማያስፈልገውን ይዘው ሄዱ። መስገጃም አንድ ክፍል ተሰጣቸው።

ፀጉሩ ግን ራሱን የቻለ ታሪክ ሆነ። በዚያ ትምህርት ቤት ሴቶች ልጆች ፀጉራቸውን አሳጥረው እንዲቆረጡ ደንቡ ያዛል፤ በብዙ የኬንያ አዳሪ ትምህርት ቤቶችም እንዲሁ ነው። የእኛዎቹ ደግሞ ለጉዞው ብለው እናቶቻቸው ሌሊቱን ሙሉ የሠሩላቸውን ሹሩባ ተሠርተው ነው የሄዱት። የመጀመሪያው ማታ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ገብቼ ያየሁትን ልንገራችሁ። የቀኝ ተከላካያችን ወለል ላይ ተቀምጣለች፤ ከኋላዋ አልጋ ጠርዝ ላይ ሁለት ኬንያውያን ልጆች። አንደኛዋ እቤቷ እህቶቿን የምትሠራ ነበረች፤ አዳሪ ከገባች ሁለት ዓመት ፀጉር በእጇ አልነካችም። ጣቶቿ ሲጀምሩ ቀስ ይሉ ነበር፤ ኋላ ላይ ዓይኗን ሳትጥል እያወራች መሥራት ጀመረች። መብራት ሲጠፋ ግማሹ ራስ የጅማ፣ ግማሹ የናይሮቢ ሆኖ ቀረ። ልጅቷ በማግስቱ እንደዚያው ሆና ተጫወተች። ፎቶው ላይ ያለችው እሷ ናት፤ ብዙዎቻችሁ «ምን ሆና ነው?» ያላችሁኝ።

ባህላችንን አሳዩ? ጭፈራ ነበረ?

ነበረ። ሁለት ሳምንት የተለማመዱት ጭፈራ ስምንት ደቂቃ ፈጀና ተጨበጨበ። እነሱም አሳዩን፤ አጨበጨብን። ከዚያ ውስጥ ዛሬ የሚያስታውሱት እንዳለ እንጃ።

ስህተቱ የእኔ ነው። መርሐ ግብሩን ሳወጣ እያንዳንዱን ሰዓት ሞላሁት፤ ጉብኝት፣ ንግግር፣ ስጦታ፣ ፎቶ። ቡናን ሃያ ደቂቃ ነበር የመደብኩለት። የጅማ ልጅ ሆኜ፣ ለቡና ሃያ ደቂቃ! ጥሬ የእርሻ ምርት ድንበር ላይ ጣጣ ስላለው ቡናውን እዚህ ቆልተን ነው የወሰድነው። እዚያ ሽታው እንዲመለስ ብለን ምጣድ ላይ ጥቂት አሞቅነው፤ ዕጣኑንም ጨመርን። ጭሱን አይቶ ዘበኛው ባልዲ ውኃ ይዞ ሮጦ መጣ። ቁጭ አድርገን አቦሉን ሰጠነው፤ ቶናውንም ጠጣ፤ በረካው ሲደርስ ሊሄድ ተነሥቶ ነበር፤ ልጆቹ በረካ ሳይጠጣ አይኬድም ብለው መለሱት። ከዚያ በኋላ የነበረው የርእሰ መምህርቷ ንግግር ተሰረዘ፤ እሷም ስኒ ይዛ ተቀምጣ ነበር። ኬንያ ቡና ታበቅላለች፤ የምትጠጣው ግን ሻይ ነው፣ ያውም በወተት። ልጆቹ የእኛን ቡና አንድ ጊዜ ቀምሰው ወተት ጠየቁ፤ ሰጠናቸው።

ለርእሰ መምህርቷ የወሰድነው የጅማ በርጩማ ነው፤ ከአንድ ግንድ የተጠረበ፣ ባለ ሦስት እግር። በጋቢ ጠቅልለን ነው ያደረስነው። «ሙጫው የት ነው?» ብላ ገለበጠችው። ሙጫ የለውም፣ ሚስማርም የለውም። የዕደ ጥበብ መምህሩ በማግስቱ ክፍል ይዞት ገባ።

ጨዋታውን አሸነፉ ወይ?

አላሸነፉም። የመጀመሪያውን 4 ለ 1 ተሸነፉ፤ ምሥጢራችንን የምታውቅ ተከላካይ እንደነበረቻቸው አትርሱ። ሁለተኛውን 1 ለ 1 ወጡ። የኬንያ ሴቶች ኳስ ቀልድ አይደለም፤ ከ17 ዓመት በታች ቡድናቸው በ2024 ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ላይ የዓለም ዋንጫ የተጫወተ፣ ከአገሪቱ ወንድም ሴትም ቡድኖች የመጀመሪያው ነው። ልጆቹ ይህን በግድግዳ ላይ ለጥፈውታል። ሦስተኛው ቀን ላይ ሁለቱን ቡድን ቀላቅለን ተጫወትን፤ ውጤቱን የመዘገበ የለም።

ስንት ብር ወጣ?

የትኬት ዋጋ በየወሩ ስለሚለዋወጥ ቁጥር መጻፍ ማሳሳት ነው። የበላውን ግን እነግራችኋለሁ፤ ትኬትና ፓስፖርት። ማደሪያና ምግብ የትምህርት ቤቱ ነበር። አዲስ ቱታ ማሠራታችን ይቆጨኛል፤ ሁለት ጊዜ ብቻ ለበሱት።

አደጋ አልገጠማቸውም?

አንዲት ልጅ ቁርጭምጭሚቷ ዞረ፤ በሁለት ቀን ተሻላት። ያስደነገጠን መንገድ ማቋረጥ ነው። ኬንያ መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ነው፤ የእኛ ልጆች ግራ ቀኝ ብለው ሲያዩ መኪናው ከማይጠብቁት ወገን ይመጣል። «መጀመሪያ ቀኝ!» እያልኩ ድምፄ ተዘጋ። አንድ ጊዜ ያስቆምኳት ራሴን ነው።

እነሱስ ወደ ጅማ ይመጣሉ?

በሐምሌ ሊመጡ አስበዋል፤ ዝናብ እንደሚሆን ነግረናቸዋል። ጥያቄያቸውን ልከውልናል፤ በእጅ የተጻፈ ሁለት ገጽ። እውነት ሁሉም ሰው ከአንድ ሳህን ይበላል? የንጉሡ ቤት የሚባለው ስንት ሰዓት በእግር ያስኬዳል? (ጅሬን ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ማለታቸው ነው፤ ልጆቻችን እንዴት አድርገው እንዳወሩላቸው አላውቅም።) ከሰነፍ ሰው ቤት ማደር ይቻላል ወይ፣ እኛ በጠዋት መነሣት ሰልችቶናል? ከታች፣ በሌላ እጅ ጽሑፍ፣ ቁጥር አምስቷ ለብቻዋ ጽፋለች፤ የምታድርበት ቤት አያት ያለበት እንዲሆን ትፈልጋለች፣ ኦሮምኛ የምታወራ።

ማደሪያ የምናስበው በየቤታችሁ ነው፤ በአንድ ቤት ሁለት ሁለት ልጆች። ፍራሽ የተረፋችሁ፣ አያትም ያላችሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ልምምድ ላይ አግኙኝ።